በግዝት የታጠረ ዓሣ

ሐሙስ፣ ግንቦት ፳፻፲፯ ዓ.ም.
ሸሕዲ ገጠር፣ ከሰሊጡ ቤት

ይድረስ ለነፍስ አባቴ፤

በገዳም የተቀመጠ ሰው «እንደምን ሰነበቱ» ሲባል ምን ብሎ እንደሚመልስ አላውቅም፤ ጤና መጠየቅ ግን ግድ ነውና እጠይቃለሁ። ግራ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ስግደቱ ተጨምሮበት ተሻለው ወይስ ባሰበት? ዓይንዎስ? ይህን ደብዳቤ ራስዎ የሚያነቡት ከሆነ ደስ ይለኛል። ሌላ ሰው እያነበበልዎ ከሆነ ግን እባክዎ እዚህ ላይ ያስቁሙትና መነጽርዎን ይፈልጉ።

እኛ ደህና ነን። ሙቀቱ እንደሚያውቁት ነው፤ ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው ይውላሉ፣ ሰዎቹ ዘግተው። መንበረ ደህና ናት፣ ሆዷ ገፍቷል። የሸሕዲዋ አዋላጅ ዳስሳ፣ አዳምጣ፣ ሁሉም ነገር በቦታው ነው ብላለች። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ቀጥሎ የሚመጣውን ሲያነቡ እንዳይደነግጡ ነው።

ጉዳዩ ዓሣ ነው።

እርስዎ የሚያውቁትንም ጭምር ከሥሩ እጽፋለሁ፤ አንድም የገዳም ጸሎት የዓለምን ነገር ያስረሳል ስለሚባል፣ አንድም ነገሩ በቅደም ተከተል ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል እኔ ራሴ ማየት ስለፈለግሁ።

ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ከመንበረ አባት በወረስነው የሰሊጥ መሬት ላይ እንደምኖር ያውቃሉ። ከመሬቱ ጋር አንድ ሐፊር ወረስን፤ በዶዘር የተቆፈረ፣ የክረምቱን ውሃ እስከ ግንቦት የሚያቆይ ትልቅ ኩሬ። ሱዳኖቹ ሐፊር አሉት፣ እኛም ከነሱ ተቀብለን ሐፊር አልነው። መንደሩ በሙሉ የሚጠጣው ከዚያ ነው። እኔ ደግሞ ሥራ ፈትቼ በተቀመጥሁበት ወራት ስለ ኩሬ ዓሣ እርባታ የሚያወራ አንድ መጽሐፍ እጄ ገባ። መጽሐፍ ያነበበ ሥራ ፈት ምን እንደሚያደርግ ለእርስዎ አልነግርም።

በጥቅምት፣ የሽንፋ ወንዝ ጎድሎ በየዓለቱ ሥር ኩሬ ኩሬ ሲሆን፣ ከጀይሉ ጋር ወረድን። ጀይሉን ያውቁታል፤ መተማ ዮሐንስ ላይ ጨርቅ የሚሸጠው፣ ለገዳሙም ጨው የሚያመጣው ነጋዴ ነው። ትራክተሩንና በርሚሉን እሱ አመጣ፣ እውቀቱን እኔ። ዓሣ በበርሚል ውስጥ አየር ያጥረዋል፣ ውሃው እስከ መድረሻው ድረስ መመታት አለበት ይላል መጽሐፌ። ስለዚህ ደረበ፣ የእርሻው ጠባቂ፣ ተሳቢው ላይ ቆሞ በኒም ዛፍ ቅርንጫፍ በርሚሉን እየገረፈ መጣ። መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ ምን እያደረገ እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ እሱም ፊቱን አኮሳትሮ «ዓሣ እያናፈስሁ ነው» ይላል። ለሰሊጥ አጨዳ የመጡ ጎጃሞች ሰምተው «እኛንስ ማን ያናፍሰን!» ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁብን።

ከሞተው የተረፈው በዛ። አምባዛውን አንድ በአንድ ለቅመን ጥለን ቆሮሶውን ብቻ ወደ ሐፊሩ ለቀቅነው። አምባዛ ሌላውን ዓሣ የሚበላ ዓሣ ነው ይላል መጽሐፉ። ሌሎች በላተኞች እንዳሉ ግን አልጻፈም። አጫጆቹ ለትንኝ የተሰጣቸውን አጎበር አውጥተው ዓሣ ያጠምዱበት ጀመር። ደረበን በሐፊሩ ዳር አስቀመጥሁት። ደረበ ታማኝ ሰው ነው፤ ከአንድ ዓሣ በላይ አይበላም ነበር፣ በአንድ ጊዜ።

እርስዎ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው።

በኅዳር አዝመራውን ሊባርኩ መጥተው ጥላ ሥር አረፍ ባሉበት፣ እኔ እንደ ቀልድ «አባ፣ ይህን ሁሉ ዳር እሾህ ከማጠር ግዝት አይቀለኝም?» አልሁዎ። እርስዎ አልሳቁም። «ልጄ፣ የእሾህ አጥር በር ይተውለታል፤ ግዝት በር የለውም» አሉኝ። መልስዎ ጥሩ አባባል ሆኖ ታየኝና ወደድሁት፤ ምክር መሆኑ አልታየኝም። ክፍል ውስጥ ስለዚህ ዓይነት ነገር «ማኅበረሰቡ ሀብት የሚጠብቅበት ባህላዊ ሥርዓት» እያልሁ ሰሌዳ ላይ የጻፍሁ ሰው ነኝ። እባክዎ ይግዘቱልኝ አልሁ።

ሠራተኛውም የመንደሩም ሰው ተሰበሰበ። መስቀልዎን አወጡ። ከዚህ ውሃ ዓሣ ያወጣ፣ ያስወጣ፣ የበላ፣ ያበላ እንደ አርዮስ የተለየ ይሁን አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። እኔ ከሁሉም አስበልጬ አሜን አልሁ። «ከባለቤቱ በቀር» እንዲሉ ላስታውስዎ ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን መስቀል ፊት ቆሞ «አባ፣ አንድ ነገር ረሱ» አይባልም።

ግዝቱ ሠራ። አጎበሮቹ ወደ አልጋቸው ተመለሱ። ውሃ ቀጂዎች ጀሪካናቸው ውስጥ ጫጩት ዓሣ ከገባች መልሰው ያፈሷታል። ደረበ አንዲቱን በእፍኙ ይዞ «ውረጂ እመቤቴ፣ አላየሁሽም» እያለ ሲለቃት በዓይኔ አይቻለሁ። ዓሣው ረባ፣ ወፈረ። በወረዳችን ውስጥ እንደነሱ ስጋት የሌለበት ፍጥረት አልነበረም። ጀይሉ በመጣ ቁጥር ዳር ቆሞ አይቶ አይቶ «ኡስታዝ፣ ዓሣ አላረባንም እኮ፤ ዓሣ አመነኮስን» ይለኛል። እኔም ፋሲካ ሲደርስ አባን አስፈታለሁ እለዋለሁ። ፋሲካ ደረሰ፣ አለፈ፣ እርስዎ ገዳም ወጡ። ያሰረ ካልፈታ ሌላ እንደማይፈታ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ከዚያ መንበረን ዓሣ አማራት።

ያለፉትን ሁለቱን ያውቃሉ። ስለዚህ በዚህኛው እርግዝና በቤታችን ሳቅ እንኳ የሚሳቀው ቀስ ተብሎ ነው። መጀመሪያ አፈር አማራት፤ አፈር አላጠረንም። ቀጥሎ ሎሚ አለች፤ ተገኘ። በመጨረሻ ትኩስ ዓሣ አለች። ከጣና ይመጣ የነበረው በመንገዱ ምክንያት ቀርቷል። በገላባት በኩል ይገባ የነበረውም ከሱዳን ጦርነት ወዲህ የለም። ወደ ሽንፋ ወንዝ እንዳልወርድ መንገዱ ሰው የሚታገትበት ሆኗል። አዋላጇን የአምሮት ነገር ሳይንሱ ምን ይላል ብዬ ጠየቅኋት፤ ዕቃዋን እየሰበሰበች «መምህር፣ ሳይንሱን ይተዉትና ፈልገው ያምጡላት» አለችኝ።

መንበረ አንድም ጊዜ «ከሐፊሩ» አላለችም። ሐፊሩ ከቤታችን በራፍ ላይ ሆኖ ይታያል። በራፉ ላይ በርጩማዋን አድርጋ ትቀመጣለች፣ ዓሦቹ በማለዳ ሲዘሉ ታያለች፣ ምራቋን ዋጥ ታደርጋለች፣ ትገባለች። በቃ። ፊቷ እየከሳ፣ የቀረበላት ምግብ እየተመለሰ ሄደ።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ጀይሉ ነበር። አሰላሰልሁት፤ ሙስሊም ነው፣ አሜን አላለም፣ ግዝቱ አይመለከተውም። ግባና ሁለት አውጣልኝ ብዬ ለመንሁት። ቆቡን አውልቆ ራሱን አሻሸ። «ኡስታዝ፣ ሰው ሁሉ የፈራውን ውሃ እኔ ብቻዬን ልግባበት? በደህና ብወጣ ግዝታችንን አዋረደ ይሉኛል። ብታመም ይበለው ይሉኛል። ንግድ ብትለው አላዋጣኝ፣ ጽድቅ ብትለው አላዋጣኝ» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደግሞ ወላሂ እኔም እፈራለሁ። የዚያን ዕለት የአባን ዓይን አይቻለሁ» አለ።

ስለዚህ አንድ ቀን በቀትር፣ ሠራተኛው ዳስ ሥር ጋደም ባለበት፣ ደረበን ሸሕዲ ወፍጮ ቤት ልኬ፣ የራሴን አጎበር ይዤ ወረድሁ። ዝርዝሩን አልጽፍም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎ፤ ዓሦቹ አልሸሹኝም። ከኅዳር ወዲህ ከሰው ክፉ አይተው ስለማያውቁ፣ ውሃው ሲነቃነቅ ፍርፋሪ የተጣለላቸው መስሏቸው ወደ እግሬ መጡ። ሁለት አወጣሁ።

ለመንበረ ጀይሉ ከመተማ ዮሐንስ ላከልሽ አልኋት። ተቀበለችኝ፣ ገልብጣ አየቻቸው፣ ጠበሰቻቸው። አባ፣ እንደዚያ ስትበላ ካየኋት ዘመን ሆኖኛል። ጣቷን ላሰች። ጉረስ አለችኝ፣ ሆዴን ቆርጦኛል አልኋት። እሾሁን ጠቅልላ ከጓሮ ራሷ ቀበረችው፣ ውሻ እንዳይታነቅ ብላ። የረጠበ ሱሪዬንም ወስዳ አጠበችው፤ ጭቃው ከየት እንደመጣ አልጠየቀችኝም። ደግ ሴት ናት፤ ብዙ አትጠይቅም።

ሰንብቶ ጀይሉ ቤታችን መጣ። ገና ጫማውን ሳያወልቅ መንበረ «ስለ ዓሣው አላህ ይስጥልኝ» አለችው። ጀይሉ ዕድሜውን በሙሉ በጨርቅ ዋጋ ሲደራደር የኖረ ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር የለም። «ላንቺ ያንሳል እህቴ» አላት። ስሸኘው ግን ባጃጁ ዘንድ ስንደርስ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። «አንተ ሰውዬ! ያልላክሁትን ዓሣ ላኪ አደረግኸኝ? ለሷ ስል ዋሸሁ፤ ለሌላ ሰው ግን አልዋሽም። ለአባ ጻፍ። ያሰረህ ይፍታህ» አለኝ። «እኔን ማን አሰረኝ?» ብዬ ብጠይቀው «በል እሺ፣ ዓሣውን» አለና ገብቶ ሄደ።

በዚያው ሰሞን ዓሦቹ መሞት ጀመሩ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ውሃው ጎድሏል፣ ሞቋል፣ ዓሣው ከልክ በላይ በዝቷል፣ አየር አጥሮታል። መጽሐፌ ስለዚህ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው። የመንደሩ ሰው ግን መጽሐፍ አላስፈለገውም፤ ግዝት ተጥሷል አለ። በየማለዳው ነጭ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ይገኛሉ። የሚያወጣቸው የለም፤ የሞተ ማውጣትም ማውጣት ነው። ሽታው ቤት ድረስ ይመጣል። አሞራዎቹ ብቻ ይመላለሳሉ፤ ኅዳር ላይ አሜን ሲባል እነሱ አልነበሩም። ሰው ውሃውን በጨርቅ እያጠለለ፣ አፍንጫውን ይዞ ይጠጣል። ሌላ ውሃ የለማ።

ስለዚህ ለእሁድ አውጫጭኝ ተጠርቷል። በዚህ ቆላ አውጫጭኝ ሲቀመጥ ያየሁት ለጠፋ በሬና ለሞተ ሰው ነበር። የሚመሩት አቶ ቢያድግልኝ ናቸው፤ የሚያስቁ ሽማግሌ ናቸው፣ ዳኝነት ሲቀመጡ ግን አይስቁም። ወንድ ሴት ሳይቀር ሁመሩ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ አንድ በአንድ እየተነሣ ይምላል። መሐላው ያልታመነለት ሰው እሳት አይሰጠውም፣ ውሃ አይሰጠውም፣ ሲሞት አይቀበርም። ጥርጣሬው ወዴት እንደዞረም ይገምታሉ። «ዓሣ የለመደ አፍ» ይሉታል ደረበን። ክፋቱ ደግሞ እግሩ ላይ እባጭ ወጥቶበታል፤ እሱም ማስረጃ ሆኖ ተይዟል።

ትናንት መጣ። ቁጭ በል አልሁት፤ አልቀመጥም አለ። «መምህር፣ ቀድሞ በልቻለሁ፤ አልዋሽም። ከግዝቱ ወዲህ ግን ጣቴን አላስነካሁም። እርስዎ ያውቁኛል። እሁድ ቆመው ይመሰክሩልኛል?» አለኝ። እመሰክራለሁ አልሁት። እጄን ስሞ ሄደ።

እንግዲህ ያለሁበትን ያዩልኛል። እውነቱን ብናገር መንበረ የበላችው ምን እንደነበር በሕዝብ ፊት ትሰማለች። እንደ እሷ የሚያምን ሰው ሁለት ጊዜ ካጣ በኋላ፣ በሦስተኛው የተገዘተ ነገር በልቻለሁ ብሎ ሲያስብ ምን እንደሚሆን ለማየት አልፈልግም። ዝም ብል ደረበ ይጠፋል። ብምል በሐሰት ነው። በነዚህ ነገሮች እንደማላምን ብዙ ጊዜ ነግሬዎታለሁ፤ እርስዎም ብዙ ጊዜ «እሺ» ብለውኛል።

የምለምንዎ አጭር ነገር ነው። ግዝቱን በአንዲት መስመር ይፍቱልኝ፣ ለእሁድ የሚደርስ ወረቀት ይላኩልኝ። ይዤው እቆምና ዓሣው ተፈቷል፣ ለፍርድ የሚያበቃ ነገር የለም እላለሁ፤ ደረበም ይተርፋል፣ እሷም አትሰማም። የምለምነው ለመንበረ ብዬ ነው። እኔ ደህና ነኝ። እንቅልፌ ትንሽ ቀንሷል፣ ከሙቀቱ ነው። ምግብ አልበላ ብሎኛል፣ ከሽታው ነው። እሷ ስታንቀላፋ እጄን ሆዷ ላይ አድርጌ ልጁ መንቀሳቀሱን አያለሁ፤ ይህ ማንም አባት የሚያደርገው ነገር ነው። ሳይንቀሳቀስ ከቆየብኝ ግን ውሃ ትጠጫለሽ ወይ ብዬ እቀሰቅሳታለሁ።

ለገዳሙ ሰሊጥ ሲያሰባስቡ የሰነበቱት መነኩሴ ነገ በጀይሉ አይሱዙ ይመለሳሉ። ይህን በእሳቸው እጅ እልካለሁ።

ሰኞ

አባ፣ አይሱዙው አልሄደም። ዓርብ መንገድ ተዘጋ፤ መነኩሴው ቅዳሜን እዚሁ ዋሉ፣ እሁድንም ዋሉ። ዛሬ ተከፍቷል መባሉን ጀይሉ ነገረኝ፤ ከቀትር በኋላ ይነሣሉ። ስለዚህ ከላይ ያለውን ሳላጠፋ እቀጥላለሁ። ማጥፋት ፈልጌ ነበር።

አውጫጭኙ ተቀመጠ። አቶ ቢያድግልኝ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተክለው «ያወጣህ ውጣ፣ ያየህ ተናገር፣ እያወቅህ ዝም ያልህ ዝም ያሰኝህ» አሉ። ሰው እየተነሣ ማለ። ሻይ የምትሸጠው መጂዳ ነገሩ ባይመለከታትም ለጉርብትና ስትል ተነሥታ ማለች፤ «ዓሣ አልወድም፣ ብወድም አልሰርቅም» ብላ ሰዉን አሳቀችው። ሳቁ ደረበ ሲነሣ ቆመ።

እባጩን አሳየን አሉት፤ ሱሪውን ሰብስቦ አሳየ። አንዱ ጎረምሳ «ዓሣው ነው የነከሰህ ወይስ ትንኙ?» አለው። ሌላው «ጠባቂው አንተ፣ ሌባው አሞራ?» ብሎ ጨመረ። ደረበ ማለ፣ ድምፁ ግን መሐል ላይ ተሰበረበት፤ የሰው ድምፅ ከተሰበረ ደግሞ አውጫጭኝ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ማጉረምረም ተነሣ። አቶ ቢያድግልኝ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ዓሣውም የእርስዎ፣ ሰውየውም የእርስዎ። ምን ይላሉ?» አሉኝ። ደረበ አየኝ።

መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ብዙ ያነበበ ሰው መልስ አያጣም። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ለመነሣትም አንድ እጄን መሬት ላይ አስደግፌ ነበር፤ አጠገቤ የነበረው ጀይሉ ይመሰክርልኛል።

የተነሣችው መንበረ ናት።

ከሴቶቹ መሐል፣ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በሌላው የመጂዳን ትከሻ ይዛ ተነሣች። «ደረበን ተዉት። እኔ ነኝ የበላሁት» አለች። አቶ ቢያድግልኝ «ልጄ፣ ምን አልሽ?» አሏት። «አማረኝ፣ በላሁ። ከየት እንደሆነም አውቄ ነው የበላሁት። የሐፊራችንን ጭቃ ሽታ የማላውቅ መሰላችሁ? በልጅነቴ የዋኘሁበት ነው። ነገር ካለው በኔ ይሁን» አለች። ከሴቶቹ አንዲቱ ደንግጣ «በሆድሽ ያለውስ?» አለቻት። «እሱ ጥርስ የለውም። የበላሁት እኔ ነኝ» ብላ መለሰችላት።

አቶ ቢያድግልኝ «ማን አወጣልሽ?» አሉ።

«ራሴ» አለች።

እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ መንበረን ያያታል፤ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማሰር የማትችል ሴት ናት። ሽማግሌው አንገታቸውን አቅንተው የሁመሩን ቅጠል ያዩ ጀመር። መጂዳ ሻሿን አስተካከለች። ጀይሉ መሬት መሬቱን ያያል። ወደ እኔ ያየ አንድም ሰው አልነበረም፤ ላለማየት ሲሉ ብዙ እንደለፉ ግን ያስታውቅ ነበር። በመጨረሻ አቶ ቢያድግልኝ «እንግዲህ ራሷ ካለች ራሷ ናት» አሉ።

እጄ እስከዚያው ድረስ መሬቱ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነፍሰ ጡር አምሮት ግዝት ይይዘዋል፣ አይይዘውም የሚል ክርክር ተነሣ። ረጅም ክርክር ነበር፣ የተማረ ሰው ቢኖርበት ያጥር ነበር ለማለት ግን አልደፍርም። ለእርስዎ ይጻፍ ተባለ። የመንደሩን ደብዳቤ የሚጽፍ ሲፈለግ ሁሉም ዞሮ ወደ እኔ አመለከተ። ጻፍሁት። ከዚህ ጋር ይደርስዎታል። «መንበረ ራሷ አውጥታ ራሷ በልታለችና፣ ነፍሰ ጡር ናትና፣ ይፍቱልን» ይላል። ሽማግሌዎቹ በየተራ ጣታቸውን አሳረፉበት። የእጅ ጽሑፌ እንደሚያምር ነገሩኝ።

ደረበ ከዚያው ሳይንቀሳቀስ መንበረ እግር ላይ ወደቀ፣ አንሥታው ገሠጸችው። ዛሬ ማለዳ ውሃ ቀድቶላት፣ በጨርቅ አጥልሎ፣ አፍልቶ አመጣላት። እኔን «እንደምን አደሩ» ብቻ አለኝ።

መንበረ ከዛፉ ሥር ቤት እስክንደርስ ክንዴን ይዛ ነበር፤ ስለከበዳት ይሁን ስለከበደኝ አላውቅም። ራበኝ አለች፣ በላች፣ ተኛች። ጠዋት ልጁ ሲራገጥ እጄን ከተቀመጠበት አንሥታ ሆዷ ላይ አደረገችው። «በቀን አድርገው፤ እንቅልፍ አትንሣኝ» አለችኝ።

ስለዚህ ሐሙስ የጻፍሁት ልመና አርጅቷል። ሐፊሩን ቢፈቱት መልካም፤ ባይፈቱትም ክረምቱ ሲገባ ውሃው ይጠራል፣ የተረፈው ዓሣም ከእኛ ይልቅ ይከበራል። የመንደሩን ደብዳቤ ግን ሲያነቡ «ራሷ» የሚለውን ቃል ቀስ ብለው ይለፉት። እሷን ይፍቱልኝ፣ ዛሬውኑ። ሌላው ሰው የሚገባውን በወረቀት አይላኩለት። ጉልበትዎ ቢፈቅድ መጥተው ፊት ለፊት ቢነግሩት ይሻለዋል፤ ቁጭ ብሎ መስማቱን ለምዶታል፣ ቆሞ መስማት ነው የቀረው።

ይህን እየጻፍሁ ሳለ መንበረ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ አንብብልኝ አለች። ጤናዎን የጠየቅሁበትን አነበብሁላት። ደረበ ዓሣ ሲያናፍስ የነበረውን አነበብሁላት፤ ቀስ ብላ ሳይሆን ድምፅ አውጥታ ሳቀች። በቀትር ወደ ሐፊሩ የወረድሁበት ዘንድ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍሁና ከዚህ በታች ያለው ሰላምታ ብቻ ነው አልኋት።

ከእጄ ተቀብላ ወረቀቶቹን በመዳፏ መዘነቻቸው። «ሰላምታህ ረዥም ነው» አለች። መልሳ ሰጠችኝና «ጨርስ፣ መኪናው ይሄድብሃል» ብላኝ ወጣች።

በረከትዎ ይድረሰን። ጸሎትዎ አስቀድሞ ለመንበረ ምጥ ይሁን፣ ቀጥሎ ለደረበ እግር፣ ቀጥሎ ለጀይሉ መንገድ። የሚተርፍ ካለ እኔም ከኋላ አለሁ።

የንስሐ ልጅዎ